ከማን ጋር፣ የት፣ እስከ ስንት ሰዓት፦ በባዕድ ከተማ አጃቢ ለሚቀጥሩ ተጓዦች

ሒሳቡ የመጣው በጥቁር ቆዳ ማኅደር ውስጥ ተደርጎ ነበር። ከመክፈቴ በፊት ቀና ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ስንገባ ወለል ብሎ ተከፍቶ የነበረው በር ተዘግቷል፤ አጠገቡ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ቀደም ብሎ አደባባይ ላይ አግኝቶኝ «ከተማውን ላሳይህ፣ ለድካሜ ትንሽ ትከፍለኛለህ» ያለኝ ጨዋ ወጣት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ዝም ብሏል። የጠጣነው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ነበር። በማኅደሩ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ግን ለሳምንት ያህል ይበቃኛል ብዬ ከያዝኩት ገንዘብ ይበልጥ ነበር።

በኪሴ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ሰጥቼ ወጣሁ። ጎዳናው ላይ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ምሽት ደጋግሜ ሳስበው፣ ስህተቱ ወጣቱን መቅጠሬ እንዳልነበረ ገባኝ። በማያውቁት አገር መንገድ የሚያሳይ፣ ቋንቋ የሚያስተረጉም፣ ወይም እራት አብሮ የሚበላ ሰው ከፍሎ መፈለግ ነውር አይደለም። ስህተቱ «ደስ የሚል ቦታ አውቃለሁ» ሲለኝ ተከትዬው መሄዴ ነው። ቦታውን እሱ መረጠ፤ ሰዓቱን እሱ ወሰነ፤ ዋጋውን ደግሞ የእሱ ሰዎች ጻፉት። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ደረጃዎች ሁሉ እነዚህ ሦስት ውሳኔዎች ከእጃችሁ እንዳይወጡ የሚረዱ ናቸው።

1. የምትፈልጉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

«አጃቢ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። አስጎብኚም፣ አስተርጓሚም፣ ሾፌርም፣ ብቸኝነት ለከበደው እንግዳ ጥቂት ሰዓት አብሮት የሚያሳልፍ ሰውም በዚህ ስም ይጠራል። በጃፓን ለምሳሌ በሰዓት እየተከፈላቸው እንደ ጓደኛ አብረው የሚውሉ ሰዎችን የሚያቀርቡ ድርጅቶች በይፋ ይሠራሉ። በሌሎች ከተሞች ግን ያው ቃል የወሲብ ንግድ መሸፈኛ ነው። አጭበርባሪ የሚኖረው በዚህ ብዥታ ውስጥ ነው፤ እናንተ አንድ ነገር ስታስቡ እሱ ሌላ ነገር እንደተስማማችሁ ቆጥሮ ዋጋ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመፈለጋችሁ በፊት ለምሳሌ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ሁለት ሙዚየሞችን የሚያሳየኝና የሚያስተረጉምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።» በኋላ መልእክት የምትልኩት፣ የምትስማሙት፣ ስትከራከሩም የምታሳዩት ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው።

2. ሕጉን ከመንገድ ወሬ አትስሙ

በብዙ አገሮች አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። በሌሎች ደግሞ ፈቃድ ባይጠየቅም ብቃትን የሚያሳይ ምልክት አለ። በብሪታንያ ፈተና ያለፉ አስጎብኚዎች ሰማያዊ ባጅ ያደርጋሉ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎችም ተከፍሏቸው እንዲያስጎበኙ ፈቅዳለች፤ በብሔራዊ ፈተና የሚገኘው የሙያ መጠሪያ ግን ላለፉት ብቻ የተጠበቀ ነው። የምትሄዱበት አገር የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ይህን ማጣራት ብዙ ጊዜ አይወስድም።

የወሲብ አገልግሎትን የሚመለከተው ሕግ ከድንበር ድንበር ፈጽሞ ይለያያል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1999 ገዢውን የሚቀጣ፣ ሻጩን ግን የማይቀጣ ሕግ አወጣች፤ ኖርዌይና አይስላንድ በ2009፣ ፈረንሳይ በ2016 ተከተሏት። ኖርዌይ ይህን ሕግ በውጭ አገር ባሉ ዜጎቿም ላይ ተፈጻሚ ታደርጋለች። በጀርመን ሥራው ሕጋዊ ሲሆን ከ2017 ወዲህ በዘርፉ የተሰማሩ ሰዎች የመመዝገብ ግዴታ አለባቸው። በታይላንድ ደግሞ በ1996 የወጣ ሕግ ይከለክለዋል፤ መንገድ ላይ የሚታየውን ላየ ሰው ግን የተፈቀደ ሊመስለው ይችላል። አንድ ነገር በአደባባይ መታየቱ ሕጋዊነቱን አያሳይም፤ ለአገሬው ሰው ዝም ያለ ፖሊስም ለእንግዳው ዝም ላይል ይችላል።

ዕድሜን በተመለከተ ምንም ድርድር የለም። አብሯችሁ እንዲሆን የቀረበላችሁ ሰው ከ18 ዓመት በታች ሊሆን ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቦታውን ልቀቁና ለፖሊስ አሳውቁ። ብዙ አገሮች ዜጎቻቸው በውጭ አገር በሕፃናት ላይ የፈጸሙትን ወንጀል አገራቸው ላይ ከስሰው ይቀጣሉ።

3. ሰውየውን እናንተ ፈልጉት፤ ፈልጎ ከመጣው ተጠንቀቁ

ይህን ደረጃ አጥብቄ እናገራለሁ። በቱሪስት አደባባይ ራሱ ቀርቦ የሚያናግር፣ ፎቶ እንድታነሱት የሚጠይቅ፣ ቋንቋ መለማመድ እፈልጋለሁ የሚል፣ በአጋጣሚ የእናንተን አገር ሰው የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ነገር ግን በቤጂንግና በሻንጋይ የሻይ ቤት ማጭበርበር፣ በኢስታንቡልና በቡዳፔስት የመጠጥ ቤት ማጭበርበር የሚጀምሩት በዚሁ መንገድ ነው። በቶኪዮ ካቡኪቾ በተባለው የምሽት መዝናኛ ሰፈር መንገደኛውን እየጎተቱ ወደ መጠጥ ቤት የሚያስገቡ ሰዎችን እንዳይከተል በድምፅ ማጉያ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። ቶኪዮ ዋጋ እያናሩ ደንበኛን የሚዘርፉ መጠጥ ቤቶችን የሚቆጣጠር ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አጋጣሚ የሚመስለው ጨዋታ ብዙ ጊዜ የተጠና ሥራ ነው።

አስጎብኚ ወይም አስተርጓሚ ስትፈልጉ ከባለሙያዎች ማኅበር፣ ከታወቀ የጉዞ ወኪል ወይም ካረፋችሁበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ጀምሩ። በኢንተርኔት ያገኛችሁት ሰው ከሆነ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት የአምስት ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ ጠይቁ። ፊቱ ከፎቶው ጋር ይመሳሰላል? የምትጠይቁትን ይመልሳል ወይስ ያዘጋጀውን ይደግማል? ከጀርባ ሌላ ሰው እየነገረው ይሆን? ፎቶውን በምስል መፈለጊያ አስገብታችሁ በሌላ ስም ተለጥፎ እንደሆነ እዩ። ቪዲዮ ጥሪ እምቢ ብሎ ቅድሚያ ሙሉ ክፍያ፣ በተለይም በስጦታ ካርድ ወይም በዲጂታል ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ጋር ንግግሩን አቋርጡ። ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

4. ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን

ስምንት ነገሮች ተጽፈው መቅረት አለባቸው፦ ቀኑ፣ የሚጀምርበት ሰዓት፣ የሚያበቃበት ሰዓት፣ የምትገናኙበት ቦታ፣ የሥራው ዓይነት፣ ጠቅላላ ክፍያው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ቀጠሮው ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን። በሁለታችሁም ቋንቋ በስልክ መተርጎሚያ አድርጋችሁ ላኩና «እሺ» የሚል መልስ በጽሑፍ አስቀሩ። ጥቂት ቅድሚያ፣ የቀረውን በመጨረሻ መክፈል የተለመደና ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሚያበቃበትን ሰዓት ነው። መጨረሻ የሌለው ስምምነት ወደ ማታ ይንሸራተታል፤ ማታው ደግሞ እናንተ ወዳላሰባችሁት ሰፈር ይወስዳል።

5. ከመውጣታችሁ በፊት

አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ። የአጃቢውን ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ የምትገናኙበትን ቦታና የምትመለሱበትን ሰዓት ላኩለት፤ የስልካችሁን አቅጣጫ ጠቋሚም አጋሩት። የሰዓት ልዩነቱን አስልታችሁ «በእናንተ ሰዓት ይህን ያህል ሲሆን ካልደወልኩ ሁለት ጊዜ ደውልልኝ፤ ካላነሳሁ ለሆቴሉ ደውል» በሉት። አንድ የምልክት ቃልም ተስማሙ። ሌላ ሰው እየሰማ በስልክ ስታወሩ «ለእናቴ መድኃኒቱን ገዛህላት?» ብትሉ ችግር ላይ መሆናችሁን እንዲያውቅ ማለት ነው። ይህ ፍርሃት የበዛበት የሚመስለው አለ። እኔ ያን ምሽት ከዚያ ክፍል ውስጥ የት እንደሆንኩ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

ፓስፖርቱን በሆቴሉ መቆለፊያ ሳጥን ትታችሁ ቅጂውን ያዙ፤ ዋናውን ይዞ መንቀሳቀስ ግዴታ የሆነባቸው አገሮች አሉና ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሁለት የባንክ ካርድ ካላችሁ አንዱን ብቻ ያዙ፤ የዕለቱን የወጪ ጣሪያ በባንኩ መተግበሪያ ዝቅ አድርጉ። የሆቴሉን ስምና አድራሻ በአገሩ ቋንቋ ወረቀት ላይ አጽፉ፤ የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት ግን አያልቅም። የአገሩን የድንገተኛ ጥሪ ቁጥር በቃላችሁ አጥኑ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ነው፤ በአሜሪካ 911፤ በጃፓን ለፖሊስ 110፣ ለአምቡላንስ 119 ነው።

6. የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

የመገናኛው ቦታ ሰው የሚበዛበት፣ ብርሃን ያለው፣ እናንተ የመረጣችሁት ይሁን። የሆቴላችሁ መግቢያ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ የክፍል ቁጥራችሁን ግን ለማንም አትንገሩ። ሰውየው ሲመጣ መታወቂያውን ወይም የሙያ ፈቃዱን በጨዋነት ጠይቁ፤ እውነተኛ ባለሙያ አይከፋውም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ሳይጠየቁ ያሳያሉ። የመጣው ሰው በቪዲዮ ካያችሁት ሌላ ከሆነ ወይም ሁለተኛ ሰው አስከትሎ ከመጣ ቀጠሮው እዚያው አብቅቷል።

ከዚያ የመጀመሪያውን «ዕቅድ ቀየርኩ» ጠብቁ። ሙዚየሙ ዛሬ ዝግ ነው፤ የአጎቴ ሱቅ እዚህ ቅርብ ነው፤ የተሻለ ቦታ አውቃለሁ፤ መኪናዬ ከኋላ ቆሟል። መልሳችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፦ «አመሰግናለሁ፣ በዕቅዳችን እንሂድ።» ሙዚየሙ መዘጋቱን በራሳችሁ ስልክ አረጋግጡ። ሁለተኛ ጊዜ ከገፋ የሠራበትን ያህል ክፈሉትና ተሰናበቱ። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ይሉኝታ ከባድ ነው፤ ሰውን ማስከፋት የሚከብደን ሰዎች በተለይ እንያዝበታለን። ይህን ስሜት አውቃችሁ ግቡ፤ እግራችሁ ግን ከዕቅዱ አይውጣ።

የምትሄዱበት ታክሲ በእናንተ ስልክ የተጠራ ይሁን። ከመግባታችሁ በፊት ሰሌዳ ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ጉዞውንም ላመናችሁት ሰው አጋሩ።

7. መጠጡ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሕይወት የሚጠፋበት እዚህ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጨረሻ ሁለት ወራት በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን ከተማ ስምንት አሜሪካውያን አጠራጣሪ በሆነ ሁኔታ ሞተዋል። የአሜሪካ ኤምባሲ በጥር 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ መካከል በርካቶቹ ከማደንዘዣና ከዘረፋ ጋር የተያያዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ አንዳንዶቹም በስልክ የመተዋወቂያ መተግበሪያዎች በኩል የተጀመሩ እንደነበሩ ገልጿል። በዚያ አገር ለዝርፊያ ከሚውሉት ማደንዘዣዎች አንዱ ስኮፖላሚን ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለውም፣ ሰውን ለረጅም ሰዓታት ራሱን አስቶ የሚያስቀር ነው። በኅዳር 2024 ደግሞ በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ከተማ ሜታኖል የተባለ መርዛማ አልኮል ገብቶበታል ተብሎ በተጠረጠረ መጠጥ ስድስት የውጭ አገር ቱሪስቶች ሞተዋል።

ስለዚህ ጠርሙሱ ፊት ለፊታችሁ ይከፈት። ብርጭቆውን ከዓይናችሁ አታርቁ፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄዱ ወይ ጨርሳችሁት ወይ ትታችሁት ሂዱ፤ ስትመለሱ የቀረውን አትቅመሱ። የቀረበላችሁን ማስቲካ፣ ሲጋራና ከረሜላም እንዲሁ እለፉት። የታሸገ ውኃ ስትቀበሉ ክዳኑ በእጃችሁ ሲከፈት «ቀጭ» ማለቱን ስሙ። ቤት ውስጥ የተጣራ ርካሽ አረቄ ወይም በትልቅ ጀሪካን ተቀላቅሎ የሚቀዳ መጠጥ በጭራሽ አትጠጡ።

ምልክቶቹን ለይታችሁ እወቁ። በጥቂት መጠጥ ከልክ ያለፈ ስካር፣ ድንገት የሚመጣ ድንዛዜ፣ የምላስ መተሳሰር ከታየባችሁ ተጠርጣሪው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ስሜቱ እንደጀመረ ለአጃቢው አትንገሩት፤ ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ ሂዱና አምቡላንስ አስጠሩ፤ ስልክ ያላችሁ ከሆነም ላመናችሁት ሰው ደውሉ። ሜታኖል ግን ተንኮለኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ በማግስቱ የዓይን ብዥታ፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም ያመጣል። «የትናንት ማታ ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ መተኛት ይገድላል። ዓይኑ ጭጋግ የለበሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

8. ሒሳቡ

ከመቀመጣችሁ በፊት የዋጋ ዝርዝር እንዲመጣ ጠይቁ፤ ዋጋ ያልተጻፈበት ዝርዝር ከቀረበላችሁ ተነሡ። ያያችሁትን ገጽ ፎቶ አንሡት። የመቀመጫ፣ የአገልግሎት ወይም አብሮ ለተቀመጠ ሰው የሚታሰብ ክፍያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አጃቢያችሁ ለራሱ ያዘዘውንም ዋጋ ተመልከቱ፤ በእኔ ላይ ሒሳቡን ያናረው የወጣቱ ብርጭቆ ነበር።

ወጥመድ ውስጥ ከገባችሁ ከሰዎቹ ጋር አትታገሉ። በተረጋጋ ድምፅ «ፖሊስ ይምጣና አብረን እንየው» በሉና ቁጥሩን ደውሉ፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ወዲያው ይወርዳል። መውጫው ከተዘጋና ዛቻ ካለ ግን ክፈሉ። ምርጫ ካላችሁ በካርድ ክፈሉ፤ የባንክ ተቃውሞ ማቅረቢያ መንገድ ይኖራችኋልና። ወደ ኤቲኤም ልንወስድህ ቢሉ ግን ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆማችሁ ጩኹ። ደረሰኙን አትጣሉት፤ የቤቱ ስምና አድራሻ ያለው በእሱ ላይ ነው።

9. ክፍላችሁ

አጃቢን ወደ ማደሪያ ክፍል ማስገባት የማልመክረው ነገር ነው። እናንተ ግን ከወሰናችሁ ጎብኚው መታወቂያውን በእንግዳ መቀበያው ያስመዝግብ፤ ሲመዘገብ የሚሸሽ ሰው ክፍላችሁ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ካርድ፣ ፓስፖርት፣ ኮምፒውተርና መድኃኒት ከዓይን ይሰወሩ። ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ነገሮች ሁሉ በግልጽ ይጠየቁ፤ «አይሆንም» ያለ ሰው፣ ተከፍሎታል ተብሎ፣ ቃሉ አይሻርም።

ብቻችሁን ስታድሩ፣ በተለይ ሴት ተጓዦች፣ ከውስጥ የሚቆለፈውን መቀርቀሪያ ዝጉ፤ በሩ ሥር የምትሸጎጥ ትንሽ የጎማ ማገጃም ቦርሳ ውስጥ ቦታ አትይዝም።

10. አጃቢውም ሰው ነው

ይህ ክፍል በመመሪያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ እኔ ግን ትቼው ማለፍ አልችልም። አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ከማያውቀው ሰው ጋር ብቻውን ነው፤ እሱም ይፈራል። የተስማማችሁበትን ክፍያ በሰዓቱ ክፈሉ፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ መታወቂያውን አትያዙበት፤ ከስምምነቱ ውጭ ያለ ነገር አትጠይቁት።

ዓይናችሁንም ክፈቱ። ሌላ ሰው እየመለሰላት፣ ክፍያውን ሦስተኛ ሰው እየተቀበለ፣ ስልኳንና ሰነዷን ሌላ ሰው ይዞ፣ ያለችበትን ከተማ ስም እንኳ ሳታውቅ፣ በተቀጠቀጠ ሰውነት የምትታይ ሴት በግዴታ የምትሠራ ልትሆን ትችላለች። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ሰውን በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግሩን መጠቀሚያ በማድረግ መበዝበዝን የሰዎች ንግድ ይለዋል። የሚያዛትን ሰው ፊት ለፊት አትጋፈጡ፤ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ የሚመታው እሷን ነው። ከቦታው ርቃችሁ ለፖሊስ ወይም ለአገሩ የሰዎች ንግድ መከላከያ ስልክ አድራሻውን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ንገሩ።

11. ነገር ከተበላሸ

ቅድሚያ ለአካላችሁ ስጡ። መደፈር ከደረሰ ወይም ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተፈጸመ ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀናትም ይወሰዳል። መድኃኒት ተደባልቆብኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የሽንት ምርመራ በዚያው ዕለት ጠይቁ፤ ጂኤችቢ የተባለው ማደንዘዣ ለምሳሌ በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሽንት ይጠፋል።

ቀጥሎ ካርዱን በስልክ አዘጉ፤ የኢሜይልና የባንክ የሚስጥር ቃሎችን ከሌላ ስልክ ቀይሩ። ፎቶ ወይም ቪዲዮ ይዘናል፣ ካልከፈልክ ለቤተሰብህ እንልካለን የሚሉ ካሉ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ተመልሶ ይጠየቃል። መልእክቶቹን ሳትሰርዙ አስቀምጡ፣ አካውንታቸውን አግዱና ለፖሊስ አሳዩ።

ፓስፖርታችሁ ከተሰረቀ ከፖሊስ የጽሑፍ ማስረጃ አውጡና ወደ አገራችሁ ኤምባሲ ሂዱ። አንዴ መጥፋቱን ካሳወቃችሁ ቁጥሩ ኢንተርፖል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሚይዘው የተሰረቁና የጠፉ የጉዞ ሰነዶች መዝገብ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ በኋላ አልጋ ሥር ብታገኙት እንኳ ይዛችሁት ድንበር ለመሻገር አትሞክሩ። በቁጥጥር ሥር ከዋላችሁ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ቆንስላችሁ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ያልገባችሁን ጽሑፍ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፤ አስተርጓሚ እስኪመጣም ጠብቁ።

ብዙዎች አቤቱታ ሳያቀርቡ የሚቀሩት አፍረው ነው። እኔም በዚያ ምሽት ማግስት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ በሦስተኛው ገባሁ። የተረኛዋ ፖሊስ ታሪኩን ሰምታ ሳትገረም መሳቢያዋን ከፈተች፤ የቤቱን ስም ስነግራት ከአንድ ወረቀት ላይ በጣቷ አሳየችኝ። ከእኔ በፊት አምስት ሰዎች አስመዝግበውት ነበር።